«እቤትሽ ተቀምጠሽ እኮ ነው የምንከፍልሽ!»

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ እሱ እኔን የሚጠራኝ ለሁለታችንም ይበቃል። ሙያዬ ነርስነት ነው። ሀበሻው ሁሉ «አዋላጅ ናት» ይለኛል እንጂ እዚህ አገር የሚያዋልዱት ሐኪሙ ወይም ሚድዋይፏ ናቸው፤ የእኔ ሥራ እነሱ እስኪደርሱ ልጁን «ትንሽ ታገስ» እያልኩ መለመን፣ አልታገስ ካለም መቀበል ነው። በመሀል የጽንሱን የልብ ምት ከሞኒተር ላይ ማንበብ አለ፤ ምጥ የሚያፋጥነውን መድኃኒት፣ ፒቶሲኑን፣ መጨመርና መቀነስ አለ፤ «እኔ ጠንካራ ነኝ» ብሎ ገብቶ የማደንዘዣውን የኤፒዱራል መርፌ ሲያይ የሚወድቀውን ባል ማንሳትም አለ። የመጨረሻው ሥራ ሲቀጥሩኝ አልተነገረኝም።

ባለፈው የክፍላችን ስብሰባ አጀንዳው ሁለት ነበር፤ ኦንኮልና ፍሎት። ኦንኮል፣ ዛሬ ሥራ የለሽም፣ ግን ስልክሽን ይዘሽ ጠብቂ፣ ስንደውል ከተፍ በይ ነው። ፍሎት ደግሞ ሥራ ላይ ነሽ፣ ግን ዛሬ የአንቺ ክፍል ቀዝቅዟልና ሂጂ ሌላ ክፍል ሥሪ ነው። ማናጀራችን የኦንኮል ክፍያ ይጨመር ስትባል ፈገግ አለችና፣ «እቤታችሁ ተቀምጣችሁ እኮ ነው የምንከፍላችሁ!» አለች።

እታለም እጇን አወጣች። እታለም የክፍላችን ታላቅ እህት ናት። ጎንደር የተማረች፣ አዲስ አበባ አዋላጅ ሆና ስንት ሌሊት ያደረች፣ ፊሊፒኖዎቹና ናይጄሪያዎቹ ሳይቀሩ «እታለም» እያሉ የሚጠሯት። ከነርሲንግ ፈቃዷ በላይ የምትፈራው በምላሷ ነው።

«የኔ እመቤት» አለቻት፤ «እናንተም እኮ አውቶቡስ ላይ ‹24 ሰዓት ዝግጁ ነን› ብላችሁ የምትለጥፉት እኔ እቤቴ ስለተቀመጥኩ ነው።»

ይሄንን በእንግሊዝኛ ነው ያለችው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ማናጀራችን እስካሁን ድንገተኛ ክፍል ተኝታ ነበር።

እኛ ጋ ኦንኮል በሰዓት 4 ዶላር ነው። ከዚያ ያነሰ የሚከፍል አለ፣ እጥፉን የሚከፍልም አለ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በሀበሻ ቁጠሩልኝ) 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ተቸክሎ ቀርቷል፤ የእኛ 4 ዶላር ግን አንገቱን አቅንቶ ነው ያንን የሚያየው። ክፍያችን ከማነሱ የተነሳ ባንክ ሲደርስ ጥበቃው «ማንን ፈልገህ ነው?» ይለዋል። ከማነሱ የተነሳ ታክስ ሰብሳቢው አየና «ይሄንንስ ለልጆችሽ» ብሎ አለፈው። አላለፈውም፤ እንዲያው ልቤን ደስ ይበለው ብዬ ነው።

12 ሰዓት በ4 ሲባዛ 48 ዶላር። ድንገት ብጠራ ልጆቼን የሚይዝልኝ ሰው በተጠንቀቅ መቀመጥ አለበት፤ ሞግዚቷ ደግሞ በሰዓት 20 ዶላር ትላለች፣ ተጠራሁም አልተጠራሁም። እሷ የእኔን ልጆች ለመጠበቅ 20፣ እኔ የሰውን ልጅ ለመጠበቅ 4። ይሄንን ለማናጀራችን ብነግራት «ባለቤትሽስ?» አለችኝ። እሱም ኦንኮል ነው፤ ኡበር ይነዳል። እሱ እንኳ ጥሪው ካልጣመው «አልፈልግም» የሚል ቁልፍ አለው።

ለመሆኑ 48 ዶላሩ ምን ይገዛል? ሙሉ ቀኔን ይገዛል። የሐኪሞቹ መመሪያ፣ የማዋለጃ አገልግሎት የሚሰጥ ሆስፒታል አስቸኳይ ኦፕራሲዮን ከተወሰነ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመር ዐቅም ይኑረው ሲል ኖሯል። የእኛ ሆስፒታል ይሄንን አነበበና «ነርሷ በ30 ደቂቃ በር ላይ ትገኝ» ብሎ ደንብ አወጣ። ታዲያ 30ውን ደቂቃ እኔ ቤልትዌይ 495 ላይ ከጨረስኩት፣ ልብስ የምቀይረውና ኦፕራሲዮን ክፍሉን የማሰናዳው በማን ደቂቃ ነው? «ቀረብ ብለሽ ተከራዪ» አለችኝ ማናጀራችን። «በ48ቱ ነው?» አልኳት።

በኦንኮል ቀን ቡና ተፈልቶ በረካ ደርሼ አላውቅም። አቦሉን ፉት፣ ቶናው ሲቀዳ ስልኩ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለ ዘመድ በዚያን ቀን የለኝም፤ ድልድዩ አያሻግረኝም። ቅዳሴ ብሄድ በር ሥር ቆሜ፣ ስልኬ ነጠላ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ከጎኔ ያሉት እናት መንፈስ የወረደብኝ መስሏቸው ፈንጠር ይላሉ። ሰርግ ብጠራ ጠጁ በአጠገቤ ያልፋል፤ ለስላሳ ይዤ ስታይ ጠረጴዛው ሁሉ «አርግዛለች» ብሎ ሲያማኝ ያመሻል። እርጉዞቹ ሌሎች ናቸው፤ እኔ ተረኛ ነኝ!

ማናጀራችን ሕግ መጥቀስ ትወዳለች። «ሕጉ እቤት ላለ ሰው ሙሉ ደመወዝ ክፈሉ አይልም» አለች። እውነቷን ነው፤ ግማሹን። ሕጉ የ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሁኔታ ሕግ ነው። ማስፈጸሚያ ደንቡ በአጭሩ፣ አሠሪው ግቢ ውስጥ ወይም ጊዜሽን ለራስሽ ልትጠቀሚበት እስከማትችይ ድረስ ግቢው አጠገብ እንድትቀመጪ ከተገደድሽ ሥራ ላይ ነሽ ይላል፤ የምትገኚበትን ተናግረሽ የትም ከሆንሽ ግን አይደለሽም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ዳኞች እዚያ ሜዳ ላይ የሚለኩት በስንት ደቂቃ ድረሺ እንደተባልሽ፣ በሌሊት ስንቴ እንደምትጠሪ፣ ከጓደኛሽ ጋር ተራ መቀያየር መቻል አለመቻልሽን ነው። ማናጀራችን ግን ከሜዳው ዳር ያለችውን አንዷን ጥግ ብቻ ነው የምታነበው።

በ1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረቡ ሰዎች ነበሩ፤ ቺካጎ፣ የአርመር ኩባንያ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ እሳት ቢነሳ ብለው ግቢ የሚያድሩ የእሳት ዘቦች። አልጋ አላቸው፣ ሬዲዮ አላቸው፣ ካርታ ይጫወታሉ። ኩባንያው «ካርታ እየተጫወቱ ምን ሥራ አለ?» ቢል፣ ፍርድ ቤቱ ዝግጁ ሆኖ መጠበቁም የሚቀጠሩበት ሥራ ሊሆን ይችላል ብሎ ፈረደላቸው። እኔ ይሄንን ለእታለም ባወራት፣ «ሳሙና እስኪቃጠል መጠበቅ ሥራ ከሆነ፣ ሰው እስኪወለድ መጠበቅ ምን ሊባል ነው?» አለች። ማናጀራችን ሰማችና፣ «እነሱ እኮ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ እናንተ ቤታችሁ ናችሁ» አለች። እታለም ወዲያው፣ «30 ደቂቃ ብላችሁ ቤቴን የግቢያችሁ ቅጥያ ካደረጋችሁት፣ ኪራዩን እንካፈላ!»

ይሄ እንግዲህ አስቀድሞ በፕሮግራም የሚያዘው ኦንኮል ነው። የባሰው ከመደበኛ ሺፍት ላይ የሚወለደው ነው። ሕመምተኛ ሲያንስ ነው፤ ሎው ሴንሰስ ይሉታል። ለጠዋቱ 1 ሰዓት ሥራ ልገባ፣ ዩኒፎርሜን ተኩሼ፣ የልጆቹን ምሳ ቋጥሬ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መልእክት ይመጣል፤ «ዛሬ ብዙ እናት የለም፣ አትምጪ። ግን ኦንኮል ነሽ።» የ12 ሰዓት ደመወዝ ባንድ መልእክት 48 ዶላር ሆኖ ቁጭ አለ። የጎደለውን መሙላት ከፈለግሽ ከዕረፍት ቀንሽ ይቆረጥልሻል። የዓመት ዕረፍቴን ሆስፒታሉ ነው የሚያርፍበት። አምና ለጥምቀት አገር ቤት ልገባ ዕረፍት ብጠይቅ ቀኖቼ አልቀዋል ተባልኩ። «የት ሄጄ?» ብል፣ «እቤትሽ።»

ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ ሦስት እናቶች ተከታትለው ይመጣሉ። ይመለሱ አይባልም። የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ፣ ኤምታላ የምንለው፣ ምጥ የያዛት ሴት ድንገተኛ ክፍል ከደረሰች ሳትመረመርና ሁኔታዋ ሳይረጋጋ መመለስን ይከለክላል። ሌላው ፎቅ «አልጋ ሞልቷል» ይላል፤ እኛ ጋ በሩ አይዘጋም። ስልኬ ይጮሃል። ውሉ ላይ «ተጠርታ ለመጣች የሰዓቱ ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢያንስ ለይህን ያህል ሰዓት» የሚል ከተጻፈልሽ ጥሩ ነው። ካልተጻፈ፣ ጠዋት በነጠቁሽ ሰዓት ቀን ላይ በመደበኛው ዋጋ ትገቢያለሽ፤ «እንኳን ደህና መጣሽ» እንኳ የለበትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ምጥ መቼ እንደሚመጣ ሆስፒታሉ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ ያረገዘችውም አታውቅም። የዚህን አለማወቅ ዋጋ ማን ይክፈል ነው ጥያቄው። ሆስፒታሉ ሲጠራኝ «ምጥ አይታወቅም!» ይላል። ሲከፍለኝ ደግሞ «አልመጣም እኮ!» ይላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ፣ ሲዘንብ ጃንጥላዬን ወስዶ ሲያባራ ማስቀመጫ የሚያስከፍለኝ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለ እንግዲህ። በማኅበር የተደራጀን ነርሶች አድማ ብንመታ፣ ከ1974ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ለሆስፒታሉ 10 ቀን ቀድመን በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታችን ነው። ሕመምተኛ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነውና አልቃወምም። ሆስፒታሉ ግን የእኔን ቀን ሲሰርዝ የሚሰጠኝ 2 ሰዓት ነው። «የአንቺ እኮ አንድ ሺፍት ነው» ትለኛለች ማናጀራችን። የባንኩ ሰውዬ የቤት ዕዳዬን ሲጠይቀኝ እንደዚያ እለዋለሁ፤ «አንድ ወር እኮ ነው!»

ወደ ፍሎት እንለፍ። ማናጀራችን በትልቅ ፊደል ስክሪን ላይ ጽፋ አመጣችው፤ «ነርስ ነርስ ነው።»

እታለም መነጽሯን አወለቀች። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። «ባልም ባል ነው» አለች፤ «ስለሆነ ግን የጎረቤቴን አላሳድርም።»

እንዳታሙን፤ ፍሎት በጠቅላላው ይቅር ያለ የለም። አራሶቹ ክፍል ብትልኩኝ እሄዳለሁ፤ እናቲቱ ትናንት ስትወልድ አጠገቧ የነበርኩት እኔው ነኝ፤ ጡት ማስያዙንም፣ ደም መፍሰሱንም አውቀዋለሁ። ከወሊድ በፊት የሚተኙት ጋ ብትልኩኝ እሄዳለሁ። እኛን የሚልኩን ግን ሜድ ሰርጅ ነው፤ ልቡ የደከመ፣ ስኳሩ የወጣ፣ ዳሌው የተቀየረ አምስት ስድስት ሰው ያለበት። የ80 ዓመት ሽማግሌ ለመጨረሻ ጊዜ ያስታመምኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። እዚያ ባደርኩበት ሌሊት ሰውዬው ከአልጋ ለመነሳት ሲያቃስቱ፣ በልማድ «ግፊ! ግፊ! ራሱ ታየ!» እንዳልላቸው አፌን በሁለት እጄ ይዤ ነው ያነጋሁት።

ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ የማላውቀውን መድኃኒት ሳላውቀው የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ፈቃዱም የእኔ ነው። ካሊፎርኒያ ይሄንን በሕግ ይዞታል፤ እዚያ ወደ ሌላ ክፍል የሚላክ ነርስ ስለዚያ ክፍል ገለጻ ማግኘትና ብቃቱን ማሳየት አለበት። ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ እህቶች ደግሞ የቴክሳስ ሕግ «ሴፍ ሃርበር» የሚባል ወረቀት አስቀምጦላችኋል፤ የተሰጣችሁ ምድብ ለሕመምተኛው አደጋ ነው ብላችሁ በቅንነት ካመናችሁ ሥራውን ስትቀበሉ ትሞሉታላችሁ፣ ጉዳዩ በባልደረቦች ይገመገማል፣ በዚህ ምክንያት ሊበቀሏችሁ አይችሉም። ሜሪላንድ ላይ እኔ ያለኝ ወረቀት የቡና ቤት ናፕኪን ነው።

ደግሞ ፍሎቱ መንገዱ ባንድ በኩል ነው። እኛ ፀጥ ሲልልን ወደ ላይ እንላካለን፤ እኛ ስንጨነቅ ግን ከላይ የሚወርድ የለም። ለምን? «የጽንስ ሞኒተር ማንበብ አይችሉማ!» ይሉናል። አያችሁ! ወደ እኛ ሲሆን ነርስ ነርስ አይደለም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ የሞኝ ደጃፍ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ ነው።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ምሽት ላይ ሁለት እናት ብቻ ነበሩን፤ እኔ ወደ ሜድ ሰርጅ ተላክሁ፣ አምስት ሰው ተረከብኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ታች አንዷ የልጇ የልብ ምት ወረደ፣ ሌላዋ ደግሞ መግፋት ጀመረች። የፈረቃው ኃላፊ፣ ቻርጅ ነርሷ፣ ደወለችልኝ፤ «ነይ!» ለማን ጥዬ ልምጣ? የተረከብኩትን ሰው ሳላስረክብ ብወርድ «ሕመምተኛ ጥላ ሄደች» ነው፤ ፈቃድ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ተረካቢ የለም። ስለዚህ እቤቷ የተኛችውን የኦንኮል ተረኛ ቀሰቀሷት፤ በአንድ ተኩል ክፍያ፣ በ30 ደቂቃ። ለዚህ ሥራ የሠለጠንኩት እኔ ደግሞ አሳንሰር በ40 ሰከንድ የሚያወርደኝ ቦታ ላይ ሆኜ ለሽማግሌው ታይለኖል እሰጣለሁ። ጠዋት ማናጀራችን «ፍሎቱ ስንት እንዳተረፈልን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት፤ «አንድ ታይለኖል።»

ይሄን ነገር ሌላ ቦታ በስምምነት ነው የሚፈቱት። ክሎዝድ ዩኒት ይሉታል። የማዋለጃ ነርሶች ወደ ሌላ ክፍል አይላኩም፤ በምትኩ የራሳቸውን ጉድለት ራሳቸው በኦንኮል ይሸፍናሉ። ሚዛን አለው፤ ይሄንን ተሸከሚ፣ ያኛውን ላንሳልሽ ነው። የእኛዋ ማናጀር ግን ሁለቱንም ወደደቻቸው። ኦንኮሉም ይኑር፣ ፍሎቱም ይኑር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ብንላት፣ «ዘመኑ ተጣጣፊነት ይፈልጋል» አለች። እታለም፣ «የሚተጣጠፍ ከፈለግሽ ሰርከስ ቅጠሪ!»

አንድ ቀን አማካሪ መጣልን። ታብሌት የያዘ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረ ወጣት። በሌሊቱ ቆጠራ መሠረት ክፍላችን ነርስ በዝቶበታል አለን። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ልጁን ግን ያኔ ነው በአካል ያየሁት! ቆጠራው የሚካሄደው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በዚያች ደቂቃ አልጋ ላይ ያለ ሰው ይቆጠራል። እንግዲህ ቀን 8 ሰዓት የገባች፣ ምሽት 2 ሰዓት የወለደች፣ 4 ሰዓት ላይ ወደ አራሶች ክፍል የሄደች እናት እኛ ጋ አልነበረችም። «ውሃዬ ፈሰሰ መሰለኝ» ብለው መጥተው፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ታይተው የተመለሱትም የሉም። ልጁ በቆጠራው ያለን ሁለት እናት ነው አለን። እታለም ትከሻውን ቸብ አደረገችና፣ «የኔ ልጅ፣ አንተ ራስህ መቼ ተወለድክ?» አለችው። «ከሰዓት በኋላ» አላት። «እንግዲያው ለሆስፒታሉ አልተወለድክም።»

ለነገሩ ሁለት እናት ማለት ሁለት ነርስ ማለት አይደለም። ኤዎን የሚባለው የሴቶች ጤና፣ የወሊድና የጨቅላ ሕፃናት ነርሶች ማኅበር መመዘኛ፣ ፒቶሲን ለተተከለላት እናት አንድ ነርስ ለብቻዋ ይላል፤ ስትገፋም ነርሷ ከአልጋው አጠገብ አትለይም፤ ሲወለድ ደግሞ አንድ ለእናት፣ አንድ ለልጅ። ሁለቱም ባንድ ሰዓት ከወለዱ አራት ነርስ። የታብሌቱ ልጅ «ይሄ አልፎ አልፎ የሚሆን ነው» አለ። መንታ ሊነግሩት ነበር፤ ተዉት ብዬ ነው።

ማናጀራችንን አልረግማትም። እሷም እኛ አልጋ ሥር ያደገች ነርስ ናት፤ ከላይ በሚወርድላት «ለአንድ ሕመምተኛ ስንት ሰዓት» የሚል ሂሳብ ነው አንገቷን የያዛት። ሂሳቡም ከሰማይ አልወረደም። በ2007 አሜሪካ ውስጥ ከ4.3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ በ2023 ወደ 3.6 ሚሊዮን ወርዷል። ከአሥር ወሊድ ለአራቱ ገደማ የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ የሚከፍለው የመንግሥት መድን ነው፤ እሱ ደግሞ እጁ ጠበቅ ይላል። በ2022 ከገጠር ሆስፒታሎች ከግማሽ በላዩ የማዋለጃ አገልግሎት አልነበራቸውም። ስለዚህ «ክፍሉ ከሚዘጋ ኦንኮል ብትሆኑ አይሻልም?» ስትለን ማስፈራራት ብቻ አይደለም። ብቻ፣ ልጅ አነሰ ማለት ምጥ አጠረ ማለት አይደለም። ከሦስት እናቶች አንዷ ገደማ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው፤ ሥራው ቀለል አላለም። ደግሞስ ክፍሉ እንዳይዘጋ የሚያዋጣው ማነው? የሆስፒታሉ ፕሬዚዳንት ኦንኮል ሲሆን በሰዓት 4 ዶላር ያገኛል? የሆስፒታሉ ጠበቃ ስልክ ሲያነሳ እንኳ በደቂቃ ይቆጥራል፤ ሳል ካሳለውም አብሮ ይጽፈዋል።

ሌላ ቦታ ላሉት ሕጉ የተሻለ ፈረደላቸው። ሲያትል ላላችሁ፣ የዋሽንግተን ግዛት በ2019 ባወጣው ሕግ አስቀድሞ የተያዘ ኦንኮልን ለዘወትርና ለሚታወቅ የሰው እጥረት መሙያ ማድረግን ከልክሏል። ኦንኮል ለድንገተኛ እንጂ ለስስት አይሆንም እንደማለት ነው። ኦሪገን በ2023 ሕጉ ምጧ ለጠናባት እናት አንድ ነርስ ለብቻዋ ብሏል። የካሊፎርኒያው በ1999 ተፈርሞ ከ2004 ጀምሮ ይሠራል፤ ምጥ ላይ ላሉ ሁለት እናቶች ቢያንስ አንድ ነርስ። ማናጀራችን «እዚያ እኮ ኑሮ ውድ ነው» አለች። እዚህስ? ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ በስንት እንደሆነ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ፍሎት ትውጣ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላለች፣ አብራኝ ለተማረች ጓደኛዬ ደወልኩ። እሷ እዚያው አዋላጅ ነርስ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎቹ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንስተው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ስታወራኝ ድምፅዋ ደክሞ ነበር። አሁን እኔ ብሶቴን ዘረገፍኩ። እቤቴ ቁጭ ብዬ 4 ዶላር፣ ከሥራዬ ተሰርዤ 4 ዶላር፣ እያልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ቆይ፣ እናንተ ላልገባችሁበት ይከፈላችኋል?» አለች።

«አዎ፣ ግን...»

«እኛ ላደርንበት ዲዩቲ መች ተከፈለንና!»

የማናጀራችን ስብሰባ ሁሉ ዝም ያላሰኘኝን እኔን ዝም ያሰኘችኝ እሷ ብቻ ናት። ከዝምታዬ ስመለስ ግን፣ «ታዲያ የአንቺ አለመከፈል የእኔን ማነስ ያበዛዋል?» አልኳት። «አይ፣ አያበዛውም» አለች፤ «ግን አንቺ ስታለቅሺ እኔ ትንሽ ሳቅ አገኘሁ፤ እሱንም በነፃ።»

ወደ ስብሰባው ልመለስ፤ አላለቀምና። ማናጀራችን ጥያቄያችንን ሁሉ ጻፈች። ተጠርታ ለመጣች አንድ ተኩል፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ዋስትና ያለው። ከመደበኛ ሺፍት የተሰረዘች ዕረፍቷ ያለፈቃዷ አይቆረጥ። ወይ ኦንኮል ወይ ፍሎት፣ ሁለቱ ባንድ አንገት አይታሰሩ። ፍሎቱም ቢሆን ከእናትና ልጅ ክፍሎች አይውጣ። ቆጠራው በቀን ስድስቴ ይሁን። «ግሩም ነው» አለች፤ እውነት ደስ ያላት መሰለች። «ይሄንን የሚያጠና ኮሚቴ እናቋቁማለን። ሐሙስ 8 ሰዓት ላይ፣ በዕረፍት ቀናችሁ፣ አምስት ሰው እንድትገኙ።»

«ይከፈላል?» አልኳት።

«ኮሚቴ እኮ ነው!»

እታለም ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ደረሰች። «ግዴለም፣ ኦንኮል ያዙን» አለች። «የምር ከፈለጋችሁን ደውሉ፤ በአንድ ተኩል እንመጣለን። ሰው ከጎደለባችሁ ደግሞ ከሂሳብ ክፍል ፍሎት አድርጉ።»